ሰላምታ የማይመልስ ሹፌር

ኖቬምበር 6

ዛሬ ከሰዓት ደረስን። የሮኮ የመንደሪን እርሻ እንደ አምናው ነው። ዛፎቹ ቁልቁል እስከ አሸዋው ይወርዳሉ፤ እነሱ ሲያልቁ ባሕሩ ይጀምራል። ሮኮ ለቤት መኪና፣ አልጋና ምድጃ ይዞ ለሚዞር መኪና፣ የሚያከራየው ስድስት ቦታ ብቻ ነው። እኛ እንደ ልማዳችን ጥጉን ያዝን። ባሌ ኦሬስቴ መኪናውን አስተካክሎ ለማቆም አራት ጊዜ ወደ ኋላና ወደ ፊት አለ። አምና በአንድ ጊዜ ነበር የገባው። መሬቱ ረጥቦ ስለነበር ይሆናል።

ከፊት ጎማዎቹ ሥር ታኮ አስገባን። ጠረጴዛው ላይ ብይ አስቀመጥኩ፤ ሳትንከባለል ቆመች። እንግዲህ እስከ ማርች መጀመሪያ ቤታችን እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ሮኮ ቦታውን ለእርሻው ስለሚፈልገው ሁላችንም እንነሳለን።

የኦሬስቴ መንጃ ፈቃድም የሚያበቃው ማርች ላይ ነው። ሐኪም ፊት ቆሞ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ማንበብ ይኖርበታል። "ሠላሳ አምስት ዓመት ሴራሚክ ጭኜ አገር ለአገር የዞርኩ ሰውዬ፣ አሁን ፊደል ልቁጠርላቸው?" ይላል። እሱ ካልነዳ ይሄ ቤት የትም አይሄድም። ሌላ ቤት ደግሞ የለንም።

ከአልጋችን በላይ፣ ጣሪያው ጥግ ላይ፣ ሳንቲም የሚያህል የእርጥበት ምልክት አየሁ። ለኦሬስቴ አሳየሁት። ቀና ብሎ ተመለከተና "ደረቅ ነው፣ ጥላ ነው" አለኝ። ጥላ ከሆነ ጥላ ነው። ለማንኛውም ዙሪያውን በእርሳስ ከብቤ ቀኑን ጻፍኩበት።

ኖቬምበር 10

ውሃ ግማሽ። ጋዝ አንዱ ሲሊንደር ሙሉ፣ ሌላው ሊያልቅ ነው። ደመና ካልመጣ ለባትሪው ፀሐይዋ ትበቃለች። የሽንት ቤቱን ሳጥን እኔ ወስጄ ደፋሁት። ድሮ የኦሬስቴ ሥራ ነበር። "መድፊያው ጋ መንገዱ ያንሸራትታል" አለኝ። አያንሸራትትም።

ኖቬምበር 17

ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ማሽኑ ሃምሳ ደቂቃ ይዞራል። በክቡ መስተዋት የኦሬስቴ ሰማያዊ ሸሚዝ ብቅ ጥልቅ ይላል። አንዳንዴ እጅጌው መስተዋቱን ይደገፍና ከመርከብ ላይ ሆኖ እጁን የሚያወዛውዝ ሰው ይመስላል። ይሄን እያዩ መቀመጥ እወዳለሁ። ማንም ምንም አይጠይቀኝም።

መጻፍ ያስተማረኝ የለም ለማለት ይቻላል። በዐሥራ አራት ዓመቴ ሹራብ ፋብሪካ ገባሁ። ክሩ የሚመጣልን በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልሎ ነበር፤ በምሳ ሰዓት ያን ቁራጭ አነብ ነበር። ጫፉ ሁልጊዜ የተቀደደ ስለሆነ የብዙ ነገር መጨረሻ አላውቅም። ማሽኑ ጋ ተመልሼ ራሴ እጨርሰው ነበር። አብዛኛውን ጊዜ በደህና ነበር የሚያልቀው።

ኤዚዮ ልብሱን በከረጢት ተሸክሞ መጣ። ኤዚዮ ሁለተኛው ዛፍ ሥር ያለው ጎረቤታችን ነው። የቶሪኖ ሰው፣ ጡረታ የወጣ የትራም ሹፌር፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አሮጌ መኪናውን ይዞ ብቻውን ይዞራል። ሰላም ሳይለኝ ጀመረ።

"ኒቬስ፣ እኔ ባልሽን ምን በደልኩት?"

"ምን ሆነህ?"

"ትናንት ድልድዩ ላይ ተላለፍን። እጄን አነሳሁ፣ መብራት አበራሁለት። እሱ እንደ ጳጳስ ቀጥ ብሎ አለፈ። ጳጳስ እንኳ እጁን ያነሳል።"

"ፀሐይ አብርታበት ይሆናል።"

"ፀሐይዋ ከጀርባው ነበረች።"

"እንግዲያው ሐሳብ ይዞት ነው።"

"ዝም ብለሽ ነው። መኪናውን ለአንድ ሳምንት የተከራየ ጀርመናዊ እንኳ እጁን ያነሳልኛል" አለና ካልሲዎቹን እየቆጠረ ማሽኑ ውስጥ ወረወራቸው። አንዱ ጎደለው። እኔን አየኝ፣ እኔ የሰረቅኩት ይመስል።

እጅ ማንሳትን ያስተማረኝ ኦሬስቴ ነው። የቤት መኪና ከፊት ሲመጣ ገና ከሩቅ መዳፉን ይዘረጋ ነበር። "ቤቱን ይዞ የወጣ ሰው ነው፤ እንዴት ዝም ብዬ አልፈዋለሁ?" ይለኝ ነበር። መኪናውን በገዛን በመጀመሪያው በጋ በቀን ስንት ጊዜ እንዳነሳ እንቆጥር ነበር። አሁን መቁጠር ትተናል። ሰው ይሰለቻል።

ሸሚዙ መዞሩን አቆመ።

ኖቬምበር 25

ሦስት ቀን ዝናብ። ጣሪያው ላይ እንደ ምስር ይበተናል። መስኮቶቹ በትንፋሻችን ላብ ተሸፍነዋል። ባሕሩ አይታይም፤ ግን መኪናው በዝግታ ሲወዛወዝ ይሰማኛል፣ አንድ ሰው አልጋችንን እሹሩሩ የሚል ይመስል። እንዲህ ሲሆን እንቅልፍ ይወስደኛል። በጠራራ ፀሐይም ይወስደኛል።

ድንጋይ ጣሪያ ሥር ግን አይወስደኝም። ከዓመታት በፊት፣ በሜይ፣ ምድር ስትንቀጠቀጥ ቤታችን መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። በጋውን ግቢያችን ውስጥ በወንድሜ የቤት መኪና አሳለፍነው። ግንቡን ጠገኑት፣ ቀለም ቀቡት፣ ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ ገባ። እኔ ገባሁና ተጋደምኩ፤ ጆሮዬ ግን አልተጋደመም። እንዲያ ስድስት ዓመት ኖርኩ። ኦሬስቴ ጡረታ ሲወጣ "እሺ፣ ቀለል ያለ ጣሪያ እንፈልግልሽ" አለኝና ቤቱን ሸጥነው። እሱ የእናቱን ግቢ የወይን ሐረግ ይወድ ነበር። አንድም ቀን አላነሳብኝም።

የጣሪያው ምልክት አድጓል። ሁለተኛ ክብ ሣልኩለት። አሁን የመንደሪን ቅጠል ያህላል።

ኦሬስቴ ሲያናግረኝ ጆሮዬን ነው የሚያየው። ስንተጫጭም ዓይን ለዓይን ማየት ያፍር ነበር። ሰው ሲያረጅ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል መሰለኝ። ደስ ይላል።

ዲሴምበር 3

ቪዮላ ደወለች። ልጃችን ሬጆ ኤሚሊያ ነው የምትኖረው፣ አራት ፎቅ ያለው ሕንፃ ውስጥ።

"እማ፣ ምድር ቤቱን ክፍል ቀለም አስቀባነው። ለናንተ ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ።"

"እንደሱ ስትይ አትመጪም ማለት ነው። አባባ ምን ሆኖ ነው? እሁድ በስልኩ ፊቱን አሳየኝ ብለው ግንባሩን ብቻ አሳየኝ። ስልኩን የት እንደያዘው እንኳ አያውቅም።"

"ስልክ አይወድም። ጤነኛ ነው።"

"እማ፣ ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል።"

መስመሩ ተቋረጠ አልኳት። ከዚያ ዘጋሁት። የተሳሳተ ቅደም ተከተል ነው፤ አውቃለሁ።

ዲሴምበር 12

ጭጋግ። ዛፎቹ ከወገባቸው በላይ የሉም። መንደሪኖቹ ግን ይታያሉ፤ ግንድ የሌላቸው መብራቶች ይመስላሉ።

ጋዜጣውን ለኦሬስቴ አነበብኩለት። መነጽሩ ጠፍቶበት ነው። መነጽሩ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበር፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አየዋለሁ። ንባቤ ተሻሽሏል፤ አልንተባተብም። መኪና ሲነዳም የመንገድ ምልክት አስነብቦኝ "ምን ይላል?" ይለኛል፤ እነግረዋለሁ። "ለጨዋታ ያህል ነው" ይላል። እኔም በጨዋታው ጎበዝ ሆኛለሁ። መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት እናገራለሁ፣ ብስክሌት ካለ እናገራለሁ። ሁለታችን አንድ ሹፌር ሆነናል ብል ይቀለኛል።

ዲሴምበር 20

የውሃ መሙያው ክዳን ሰማያዊ ነው፤ የናፍጣው ጥቁር። ጎን ለጎን ናቸው፣ በመሃላቸው አንድ ክንድ አይሞላም፤ በአንድ ቁልፍ ነው የሚከፈቱት።

ኦሬስቴ ውሃ ሊሞላ የውሃ ጎማውን ይዞ ወጣ። እኔ ውስጥ ምስር እለቅማለሁ። ውሃው ሲፈስ ሲሰማኝ ግድግዳው ላይ ያለችውን የውሃ መለኪያ ቁልፍ ተጫንኩ። ሩብ ትላለች። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ። ሩብ። የውሃ ታንካችን ከምቀመጥበት ሥር ነው። ሲሞላ እንደ ሆድ ይንጎራጎራል፣ ወንበሩም ከሥሬ ይቀዘቅዛል። ወንበሩ አልቀዘቀዘም። ድምፁ ከሌላ ጥግ ነበር የሚመጣው።

ሦስተኛ ጊዜ ተጫንኩ። ሩብ። ለምን ወዲያው አልወጣሁም? ምስሩን ልጨርስ ብዬ። አይደለም። ከወጣሁ አየዋለሁ።

ወጣሁ። ጎማው ጥቁሩ ክዳን በተከፈተበት ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል። ኦሬስቴ ወደ ባሕሩ ዞሮ ያፏጫል።

"ኦሬስቴ፣ ዝጋው።"

"ገና ነው።"

"ዝጋው። ናፍጣው ውስጥ ነው ያለኸው።"

ማፏጨቱን አቆመ። እጁን ወደ ቀዳዳው ሰደደ፤ አፉን ዳሰሰ፤ ጣቱን አሸተተ። ብዙ ጊዜ አሸተተው። "ሞተሩ አይነሳ፣ ቁልፉን አትንካው" አልኩት። ደረጃዋ ላይ ቁጭ አለ። ምስሩን ሳልቀቅለው አደረ።

ዲሴምበር 21

ከሮሳኖ ከተማ መካኒክ መጣ። ከታንኩ ውሃና ናፍጣ ሲቀዳ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ፊልትሮውንም ለወጠው። ኤዚዮና ሮኮ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ያያሉ።

"ማነው የሞላው?" አለ መካኒኩ።

"እኔ ነኝ።"

"ሲኞራ፣ ሰማያዊ የውሃ፣ ጥቁር የናፍጣ። ለከርሞ በትልቁ ልጻፍልዎ?"

"አይ፣ ገብቶኛል።"

ሮኮ "ሚስቴ ብትሆን ኖሮ ወይን ነበር የምትሞላበት" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ኦሬስቴ ከጀርባዬ ቆሞ ነበር፤ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

ማታ ሳልጠይቀው ሳህኖቹን አጠበ። አንዱን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ እያሸ አጠበ። በኋላ ሁሉንም ቀስ ብዬ ደግሜ አጠብኳቸው፤ ውሃው ድምፅ እንዳያሰማ በጨርቅ ላይ እያፈሰስኩ።

ዲሴምበር 28

ሰማያዊው ክዳን ላይ የሹራብ ክር ጠቀለልኩ። ወፍራም ቀይ ክር፣ ሰባት ዙር። ለምን እንደሆነ አልተናገርኩም። ከሰዓት ከመስኮቱ ሆኜ አየሁት። ጣቱ ከአንዱ ክዳን ወደ ሌላው ሄደና ክሩን አገኘ። ቆመ። የልጅ ፀጉር እንደሚደባበስ ደባበሰው። ከዚያ ከፈተውና ውሃ ሞላ። ወንበሬ ቀዘቀዘ።

እሱም ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ጃንዋሪ 6

ሦስተኛ ክብ። ነፋስ። ጋዝ ሊያልቅ ነው። ውሃ ሞልቷል።

ጃንዋሪ 14

አጭር እጽፋለሁ።

ጋዝ ልንለውጥ ወጣን። ከእርሻው ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው መንገድ ላይ ኩርባ አለ። ሮኮ ባለ ሦስት ጎማ መኪናውን መንደሪን ጭኖ ዳር አቁሟታል፤ ራሱ ከጎኗ ቆሞ ገመድ ያጠብቃል። እኔ ከሩቅ አየሁት። ኦሬስቴም አይቶታል ብዬ ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። አሁን ይቀንሳል አልኩ። ከዚያ "ግራ" አልኩ። ጮክ ብዬ አይደለም፤ ድምፄ አልወጣም። እሱ ግን ሰማ።

የቀኝ ስፖኪዮአችን ሣጥኖቹን ገጨ። መንደሪኑ መንገዱን ሞላው። ሮኮ የለም። ከዚያ ከቦዩ ውስጥ ብቅ አለ፣ ባርኔጣው እጁ ላይ።

"ወንድሜ፣ ሰላም ልትለኝ ካልፈለግህ ተወው። መግደል ምን አመጣው?" አለ። እየሳቀ ነው የተናገረው፤ እጁን ግን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር።

"ፀሐይዋ ናት" አለ ኦሬስቴ።

ሮኮ ሰማዩን አየ። ደመና ነበር።

ተንበርክከን መንደሪኑን ለቀምን። ኦሬስቴ እግሩ ፊት ያለውን እየተወ ከጎንና ከጎኑ ያለውን ነበር የሚለቅመው።

ጃንዋሪ 15

ትክክለኛውን ልጻፍ። እዚህ ደብተር ላይ እኔ ብቻ ነኝ።

ኦገስት ውስጥ ወይን ሲቀዳልኝ ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ ቀዳው። ዝም ብዬ ጠረግኩ። በማግስቱ "ወደ ደቡብ እንውረድ" ያልኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ መቶ ኪሎሜትር። ቀስ ብለን ከሄድን፣ ማልደን ከወጣን፣ እኔ ከጎኑ ካለሁ ምንም አይሆንም ብዬ አሰብኩ። የሐኪሙን ነገር "ለማርች ገና ነው" ያልኩትም እኔ ነኝ፤ እሱ አንድ ጊዜ አንስቶት ነበር።

ከተናገርኩ ቁልፉን ያስቀምጣል። ቁልፉን ካስቀመጠ ምድር ቤቱ ክፍል ተቀብቶ ይጠብቀናል፣ አራት ፎቅ ከራሴ በላይ። ስለዚህ አልተናገርኩም። ለሱ ክብር ስል ነው እል ነበር።

ሮኮ አንድ እርምጃ ወደ መንገዱ ቀርቦ ቆሞ ቢሆን ኖሮ። የዚህን ወረቀት ጫፍ ቀድጄ መጨረሻውን በደህና ልጨርሰው አልችልም።

ጃንዋሪ 18

ኤዚዮን ዓሣ ሲያጸዳ አገኘሁት።

"መንዳት አስተምረኝ።"

"መንጃ ፈቃድ የለሽም?"

"አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ማሳደስ እንጂ ነድቼ አላውቅም። ከዚያ በፊት የነዳኋትም ትንሽዬ መኪና ነበረች።"

ቢላውን እንደያዘ ወደ መኪናችን ተመለከተ፤ ወደ ተሰበረው ስፖኪዮ። ድልድዩን አስታወሰ መሰለኝ። ፊቱ ተለወጠ።

"እኔ ደግሞ ኩራት ነው ብዬ" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ቶሎ ወደ ቀልዱ ተመለሰ። "እሺ፣ ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። ትራም መሪ የለውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወዴት እንደምሄድ የሚያውቀው ሐዲዱ ነበር።"

"ታዲያ አንተን ማን አስተማረህ?"

"ሚስቴ። እየሰደበችኝ። በሷ ዘዴ ነው የማስተምርሽ።"

ጃንዋሪ 27

በበጋ ለመዋኘት የሚመጡ ሰዎች የሚሞሉት የመኪና ማቆሚያ አሁን ባዶ ነው፤ ነፋሱ አሸዋ አልብሶታል። በኤዚዮ መኪና ነው የምንለማመደው። ሰባት ሜትር ቤት ከኋላዬ ይከተለኛል፤ ስዞር የሱ ድስቶች ይንጫጫሉ።

"ስፖኪዮውን እይ እንጂ። ከፊት ያለውን ማንም ያያል፤ ቤትሽ ያለው ከኋላ ነው።"

"አየሁ።"

"ምን አየሽ?"

"ባሕር።"

"ባሕሩን ተይው፣ የትም አይሄድም። ፍሪሲዮን! እንቁላል ላይ የቆምሽ ይመስል ቀስ... በቃ፣ እንቁላሉ ተሰበረ።"

ማርሹ ይጮህብኛል። ግን ዛሬ አንድ ጊዜ፣ ከዳር እስከ ዳር በሦስተኛ ማርሽ ስሄድ፣ ድስቶቹ ሁሉ ዝም አሉ። መኪናው የቆመ፣ የሚሄደው አሸዋው የሆነ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ነገር በሕልሜ ነበር የማውቀው።

ለኦሬስቴ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበርኩ አልኩት። "ልብሳችን እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም" አለ።

ፌብሩዋሪ 4

ዝናቡ አቁሟል። ኦሬስቴ ደረጃዋ ላይ ተቀምጦ መንደሪን ይልጣል። ልጣጩን ሳይቆርጥ አንድ ወጥ አድርጎ ነው የሚያወጣው፤ ሳያይ። ከጎኑ ተቀመጥኩ።

"ሁለተኛዋን ማርሽ እየገደልሻት ነው" አለኝ።

"የምን ማርሽ?"

"የኤዚዮን። ጠዋት ከአራት ሰዓት እስከ አምስት። እዚህ ድረስ ይሰማል። ኤዚዮ ፍሪሲዮን ሲለቅ ሰነፍ ነው፣ ይጎትታል። ያ እግር የሱ አይደለም። የሚፈራ እግር ነው።"

ጫማዬ ላይ ያለውን አሸዋ አራገፍኩ።

"ስንት ጊዜ ሆነ?"

"ዛሬ ሰባተኛዬ።"

"ልብስ ማጠብ።"

"ልብስ ማጠብ።"

ሳቀ። መንደሪኑን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ፤ እጄን አላጣውም። ከዚያ ወደ ጆሮዬ እያየ ተናገረ።

"መሃሉ ጠፋ፣ ኒቬስ። ሳይሽ ፀጉርሽ አለ፣ ትከሻሽ አለ። መሃል ላይ ጭጋግ ነው። ፊትሽን ማግኘት ስፈልግ ወደ ጎን ዞር ማለት አለብኝ፤ ዞር ስል ደግሞ ይሸሻል።"

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኩት፣ እንደማላውቅ ሆኜ።

"አንቺ ካወቅሽበት ትንሽ ቀደም ብሎ።"

ማዕበሉ መጣና ሄደ። ብዙ ጊዜ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ድንጋይ ሥር ልመልስሽ?" አለ። "ስድስት ዓመት ጣሪያ እያየሽ ስታድሪ አጠገብሽ ነበርኩ። የተኛሁ መስሎሽ ነው እንጂ። አንቺስ፣ ለምን ዝም አልሽ?"

መልሱ አንድ ዓይነት መሆኑን ያውቃል። ልዩነቱ እሱ ለኔ ሲል ነው፣ እኔም ለኔው ስል ነው። ይሄን በአፌ አላልኩትም፤ እዚህ ጻፍኩት።

"ሮኮን ገድዬው ነበር" አለ።

"ገድለነው ነበር" አልኩ።

ከኪሱ ቁልፉን አወጣና ጭኔ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ሳተኝ፤ አሸዋው ውስጥ ወደቀ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ፈለግን። እኔ በዓይኔ፣ እሱ በጣቱ። ቀድሞ ያገኘው እሱ ነው።

ፌብሩዋሪ 13

በአውቶቡስ ሄደን የዓይን ሐኪም አየው። መሃሉ አይመለስም፤ ዳርዳሩ ይቆያል አሉ። መርፌ አለ፣ በየተወሰነ ጊዜ፤ እንዳይብስ ነው። መንጃ ፈቃዱ አይታደስም። ኦሬስቴ ሐኪሙን "ፊደሎቹን ሳይጠይቁኝ?" አለው። ሐኪሙ "ከፈለጉ እንሞክር" አለው። "አይ፣ ቀልዴን ነው።"

ለቪዮላ እኔ ነገርኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች፣ ከዚያ ምድር ቤቱን አነሳች።

"ለመርፌው እየመጣን ግቢሽ ውስጥ እንቆማለን። የምንተኛው መኪናችን ውስጥ ነው" አልኳት።

"ማን ነድቶ?"

"እኔ።"

"እማ" አለች፣ "ድምፅሽ አልቀጠነም።"

ፌብሩዋሪ 21

ጣሪያው ላይ አምስት ክብ ሆኗል፤ የዛፍ ግንድ ተቆርጦ ሲታይ ይመስላል። ለኦሬስቴ ነገርኩት። "ያ ጥላ ነው ያልኩሽ?" አለ።

መሰላል አቆምን። እሱ ወጣ፤ እኔ ቁርጭምጭሚቱን ይዤ ቆምኩ። በደረቱ ተኝቶ ጣሪያውን በሁለት እጁ ሲዳብስ ሰማሁ፣ ዝም ያለ እንስሳ እንደሚዳበስ። እኔ ምልክቱ ካለበት በላይ ያለውን ቦታ እየጠቆምኩ "እዚያ፣ እዚያ" እለዋለሁ። እሱ አልሰማኝም። እጁ እየራቀ ሄዶ የጣሪያ መስኮቷ ጥግ ላይ ቆመ።

"አገኘሁት። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። ክረምቱን ሙሉ ክብ ስትሥዪ ከረምሽ፤ ቀዳዳው ግን ከክብሽ ሁለት ክንድ ይርቃል።"

ማስቲሹን አቀበልኩት። በጣቱ ሞላው፣ በጣቱ ለሰነው። ብሩሽ አልፈለገም።

ማርች 3

ዛሬ ወጣን። አሁን ምሳ ሰዓት ነው፤ መንገድ ዳር ቆመን ነው የምጽፈው። ኦሬስቴ ከኋላ አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ እግሩ ይታየኛል።

ከመነሳታችን በፊት ያለውን ፍተሻ እሱ አደረገ። በእጁ እየነካ ይናገራል፣ እኔ እሺ እላለሁ። ደረጃ ገብታለች። እሺ። የጣሪያ መስኮት ተዘግቷል። እሺ። ጋዝ ተዘግቷል። የኤሌክትሪክ ገመድ ተነቅሏል። የማቀዝቀዣው በር ተቆልፏል። ታኮዎቹ ከጎማ ሥር ወጥተዋል። ሰማያዊው ክዳን ላይ ሲደርስ ክሩን ነካ አድርጎ አለፈ።

ሮኮ አንድ ሣጥን መንደሪን አመጣልን። "ሲኞራ፣ ከመነሳትሽ በፊት ንገሪኝ፤ ቤት ገብቼ በሬን ልዝጋ" አለኝ። ኤዚዮ መንገዱ መሃል ቆሞ እንደ ትራፊክ እጁን እያወናጨፈ አስወጣኝ። ኩርባው ጋ በአዲሱ ስፖኪዮ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ታየኝ፤ አፉ "ስፖኪዮ" ይላል።

ባሕሩ በቀኛችን ነበር። ብርሃኑ ወተት ይመስላል፤ መንገዱ የት አልቆ ውሃው የት እንደሚጀምር አይለይም። ሁለት እጄን መሪው ላይ አጣብቄ በዝግታ ሄድኩ። አንድ የቤት መኪና ከፊት መጣ፣ አሮጌ፣ ነጭ። ሴትዮዋ እጇን አነሳች። አለፈች።

"ትልቅ ነገር አለፈ" አለ ኦሬስቴ። "የኛ ዘር ነው?"

"አዎ።"

"ሰላም አለን?"

"አለን።"

"አንቺስ?"

"እጄን ከመሪው ማንሳት ፈራሁ።"

ሳቀ። መቀመጫው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። "አሁን ኤዚዮ ቢሆን ጳጳስ ይልሽ ነበር።" ትንሽ ቆይቶ ወገቡን ቀና አደረገ። "አንቺ መሪሽን ያዢ። ሲመጣ ንገሪኝ።"

ብዙ ሄድን። ማንም አልመጣም። ከዚያ ከወተቱ ውስጥ ሌላ ወጣ፤ ገና በጣም ሩቅ ነበር፣ መኪና ይሁን ደመና አይለይም።

"መጣ" አልኩት።

ኦሬስቴ እጁን አነሳ። መዳፉን ከፍቶ ከመኪናው የፊት መስተዋት ጋ ያዘው። ገና ብዙ ይቀራቸዋል አላልኩትም። እነሱ እስኪደርሱ፣ እስኪያልፉ፣ ካለፉም በኋላ እጁን አላወረደም።

"ምን አሉ?" አለኝ።

"ሁለቱም አነሱ" አልኩት። "በሁለት እጃቸው።"